የቤሚጂ አሸዋና ድፍድፍ ነዳጅ የሚበሉት ባክቴሪያዎች

በነዳጅ የተበከለ አፈርን ስለሚያጸዱ ባክቴሪያዎች በተናገርሁ ቁጥር ከአድማጮቼ አንዱ «ታዲያ ከየት እንገዛቸዋለን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ቅን ነው። መድኃኒት ከፋርማሲ፣ ማዳበሪያ ከማኅበር ስለሚገዛ ባክቴሪያም በከረጢት ታሽጎ ይመጣል ብሎ ማሰብ አያስወቅስም። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ቤሚጂ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጫካ ሥር ስላለ አሸዋ እተርካለሁ። እዚያ ባክቴሪያ የገዛ የለም፤ የበተነም የለም። ባክቴሪያዎቹ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ሲበሉ ኖረዋል፤ ተመራማሪዎችም አጠገባቸው ሆነው የበሉትን ሲመዘግቡ ኖረዋል።

ነገሩ የጀመረው ኦገስት 20 ቀን 1979፣ በእኛ ነሐሴ 14 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚያልፍ፣ 86 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የነዳጅ ቧንቧ በብየዳው መስመር ላይ ተተረተረ። 1.7 ሚሊዮን ሊትር፣ ማለትም 10,700 በርሜል ያህል ድፍድፍ ወጣ። ከፊሉ ወደ ላይ ተረጭቶ 6,500 ካሬ ሜትር በሚሆን መሬት ላይ እንደ ዝናብ ወረደ፤ የቀረው ወደ ረባዳው ፈስሶ ኩሬ ሠራ። የጽዳት ሠራተኞች በፓምፕ ሳቡ፣ ቦይ ቆፈሩ፣ የቻሉትን አቃጠሉ፣ የነዳጅ ሽታ ያለውን አፈር ዝቀው አወጡ። በዚህ ሁሉ ድካም ሦስት አራተኛ የሚሆነው ተነሣ። 400,000 ሊትር ያህሉ ግን ቁልቁል ሰመጠ። አካባቢው ጥንታዊ የበረዶ ግግር ሲቀልጥ የተወው አሸዋና ጠጠር ስለሆነ ፈሳሽ አይዝም። ድፍድፉ ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር ወርዶ ከከርሰ ምድር ውሃው ጋር ሲገናኝ ቆመ፤ ከውሃ ስለሚቀልም በላዩ ተንሳፈፈ። ውሃው ደግሞ 300 ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ሐይቅ ይጓዛል።

የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከ1983 ጀምሮ ቦታውን የምርምር ስፍራ አደረገው። ሐሳቡ በጊዜው ደፋር ነበር፦ የቀረውን ነዳጅ ሳንነካው ተፈጥሮ ምን እንደምታደርገው እንመልከት የሚል ነበር።

ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ አንድም የነዳጅ ጠብታ አይቶ በማያውቅ ጫካ ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱን ጓሮ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። የጎመን ቅጠል ላይ ውሃ ጣል ብታደርጉ ጠብታው ቅጠሉን ሳያርሰው እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ይህን የሚያደርገው ቅጠሉን የሸፈነው ስስ ሰም ነው። የሰሙ ዋና ክፍል 29 የካርቦን አቶሞች በአንድ መስመር የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ሲሆን፣ በድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ከሚገኙት ሰንሰለቶች ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። እንግዲህ ቅጠል ረግፎ በሚበሰብስበት አፈር ሁሉ ይህን ሰንሰለት የሚቆርጥ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ቆራጩን ኢንዛይም የሚሠራበት ዘረመልም ከጥንት ጀምሮ አለው። ነዳጅ ከመፍሰሱ በፊት እንዲህ ያሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ናቸው። ሲፈስ ሌላው ይመረዛል ወይም ይራባል፣ እነርሱ ግን ይባዛሉ። ቡሆ የምታቦካ እናት እርሾዋን ከሱቅ አትገዛም፤ ካለፈው ሊጥ ታስቀራለች። አፈርም የራሱ እርሾ አለው።

ኦክስጅን ባለበት የአፈር ክፍል ሥራውን የሚሠራው ዘረመል «አልክ-ቢ» ይባላል። በብዛት የተጠናውም ፕሴውዶሞናስ ፑቲዳ በተባለ የአፈር ባክቴሪያ ላይ ነው። ከዚህ ዘረመል የሚሠራው ኢንዛይም ከአየር የመጣውን የኦክስጅን ሞለኪውል ለሁለት ይከፍልና አንዱን አቶም በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ይሰካል፤ ሌላው ውሃ ሆኖ ይወጣል። ይህች ትንሽ ሥራ ሁሉን ነገር ትለውጣለች። ኦክስጅን የተሰካበት ሰንሰለት አልኮል ሆነ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የስብ አሲድ ይሆናል። ከዚያ ወዲያማ ሰውነታችን ቅቤን እንደሚያደርገው ባክቴሪያውም ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጠ ይጨርሰዋል። ከባዱ የመጀመሪያው ንክሻ ነው፤ «ነዳጅ የመብላት ዘረመል» ሲባልም በአብዛኛው የዚያ ንክሻ ዘረመል ማለት ነው።

የሚገርመው እነዚህ ዘረመሎች የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ በባክቴሪያው ዋና ክሮሞሶም ላይ ሳይሆን ፕላስሚድ በሚባል ለብቻው በሚዞር የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ይገኛሉ። ቶሉይን የተባለውን የነዳጅ ክፍል ለመብላት የሚያስችለው ዝነኛው ፕላስሚድ ወደ 117,000 የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። አንድ ባክቴሪያ ከሌላው ጋር ሲነካካ የፕላስሚዱን ቅጂ ያቀብለዋል። ባክቴሪያ ከእናቱ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱም ይወርሳል ማለት ነው፤ ችሎታው በተበከለ አፈር ውስጥ በፍጥነት የሚሰራጭበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው።

የቤሚጂ ቧንቧ በተቀደደበት ጊዜ አንድ ትልቅ ሙግት በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይታይ ነበር። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ትውልደ ሕንዱ አናንዳ ቻክራባርቲ እነዚህን ፕላስሚዶች በአንድ ፕሴውዶሞናስ ውስጥ አሰባስቦ በ1972 የፈጠራ ባለቤትነት ጠይቆ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 16 ቀን 1980 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ውሳኔው ለባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ በር ከፈተ፤ ያ ባክቴሪያ ራሱ ግን ሜዳ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ሲያጸዳ አልታየም። ቻክራባርቲ የሠራው ሳይንስ ታላቅ ነው። ሆኖም ዓለም ስለዚያ ባክቴሪያ ሲከራከር በቤሚጂ ከመሬት በታች ስም የለሾቹ የአካባቢው ባክቴሪያዎች ሥራ ጀምረው ነበር። በ1989 በአላስካ ከኤክሰን ቫልዴዝ መርከብ የፈሰሰው ነዳጅ ሲጸዳም በአለቱና በጠጠሩ ላይ ማዳበሪያ መርጨት ሥራውን ሲያፋጥን፣ በገበያ የቀረቡት የባክቴሪያ ምርቶች በመስክ ሙከራ ከማዳበሪያው በላይ ግልጽ ጥቅም አላሳዩም። በአለቱ ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች ያጡት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነበርና።

የቤሚጂ ባክቴሪያዎች ደግሞ ያጡት ኦክስጅን ነው። በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው፤ በነዳጁ ዙሪያ የተሰበሰቡት ባክቴሪያዎች ያን ያህሉን ቶሎ ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ «አልክ-ቢ» ያለው ባክቴሪያ ዘረመሉን እንደያዘ ሥራ ይፈታል። እጁ ላይ ቢላዋ አለ፤ ቢላዋው ግን ያለ ኦክስጅን አይቆርጥም። በዚህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች ኦክስጅን በሌለበት ነዳጅ አይበላም ብለው ያምኑ ነበር።

ቤሚጂ ይህን እምነት ካናወጡት ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ ናሙና የሚወጣበት መንገድ ራሱ መታየት አለበት። ስምንት ሜትር ጥልቀት ካለው እርጥብ አሸዋ በቱቦ ናሙና ሲሳብ ውሃውና ነዳጁ ከታች ጠብ ብሎ ያመልጣል፤ የሚቀረው አሸዋ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ከቱቦው ግርጌ ልዩ ጫማ ሠሩለት፤ በፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አማካይነት የናሙናው ጫፍ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይደፈናል። እንዲህ ሆኖ የወጣውን ዓምድ ስታዩት ታሪኩ በቀለም ተጽፎ ይገኛል። ነዳጅ ያልደረሰበት አሸዋ ቡኒ ቢጫ ነው፤ እያንዳንዱን ቅንጣት የሸፈነው ስስ ዝገት ነው። ነዳጁ የደረሰበት ግን ግራጫ ነው። ዝገቱን የሆነ ነገር ወስዶታል።

የወሰዱት ባክቴሪያዎች ናቸው። በ1987 የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪው ደረክ ላቭሊና ባልደረቦቹ ከዋሽንግተን አጠገብ ከፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ያወጡት፣ በኋላ ጂኦባክተር ሜታሊሬዱሰንስ ተብሎ የተሰየመው ባክቴሪያ በኦክስጅን ፈንታ ዝገትን ይተነፍሳል። እኛ የምግባችንን ኤሌክትሮን ለኦክስጅን እንደምናስረክብ እርሱ ለብረት ያስረክባል፤ ብረቱም ጠጣር ዝገት መሆኑ ይቀርና በውሃ ይሟሟል። በ1989 ላቭሊና የቤሚጂ ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ጥናት ይህ ባክቴሪያ ቶሉይንን በብረት እየተነፈሰ እንደሚበላ፣ በቤሚጂ ከርሰ ምድርም ተመሳሳይ ነገር እንደሚካሄድ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የአሸዋው ዲኤንኤ ሲመረመር ቤንዝን የተባለው የነዳጅ ክፍል (ከመኪናው ቤንዚን ጋር አይምታታ) ኦክስጅን ሳይኖር በሚጠፋበት ክፍል የጂኦባክተር ወገኖች በዝተው ተገኙ።

ይህን የኦክስጅን አልባ ንክሻ የሚሠራው ዘረመል «ቢ-ኤስ-ኤስ-ኤ» ይባላል። ኢንዛይሙ ቶሉይንን ፉማሬት ከተባለ በሕዋሳት ሁሉ ከሚገኝ ሞለኪውል ጋር አጋብቶ ቤንዚልሰክሲኔት የሚባል ውሁድ ይሠራል። ሥራውን የሚያስጀምረው በራሱ በኢንዛይሙ ገላ ላይ የተቀመጠች አንዲት ጥንድ ያጣች ኤሌክትሮን ናት። ኦክስጅን ከደረሰበት ግን ኢንዛይሙ እዚያው ቦታ ላይ ተቆርጦ ይሞታል። ላይኛው አፈር የሚኖርበት ጋዝ ለታችኛው መርዝ ነው። ሁለቱ ዘረመሎች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይኖራሉ፤ የአንዱ አገር ለሌላው አይሆንም።

እዚህ ላይ ሒሳብ መሥራት ግድ ነው። አንዱን የቶሉይን ሞለኪውል እስከ መጨረሻው ለማቃጠል 36 የብረት አቶሞች ያስፈልጋሉ። የአሸዋው ዝገት ደግሞ ገንዘብ እንደሚያልቅ ያልቃል። ባለፉት አሥርተ ዓመታት በነዳጁ አቅራቢያ የሚገኘው ብረት እየተሟጠጠ ሲሄድ የብረት ተንፋሾቹ ቀጠና ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ቀስ በቀስ ገፍቷል። በመካከሉ የቀረው ክፍል ኦክስጅንም ብረትም የሌለው ሆኗል።

ያ ክፍል ተለጥፎ እንደተዘጋ የጠላ ጋን ነው። እዚያ ነዳጁን የሚጨርሰው አንድ ባክቴሪያ ሳይሆን ሽርክና ነው። ስሚተላን የመሳሰሉት ባክቴሪያዎች «ቢ-ኤስ-ኤስ-ኤ»ን በሚመስል ዘረመል ሰንሰለቱን ነክሰው ወደ አሴቴትና ሃይድሮጅን ይለውጡታል፤ ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ያንን ተቀብለው ሚቴን ያደርጉታል። ተቀባዮቹ ሃይድሮጅኑን ባያነሡላቸው የመጀመሪያዎቹ ከሥራቸው ምንም ጉልበት አያገኙም፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይራባል። ሚቴኑ ወደ ላይ ሲወጣ ኦክስጅን ካለበት የአሸዋ ክፍል ይደርሳል፤ እዚያ ሚቴን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይቀበሉትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርገው ይለቁታል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ መሬቱ ላይ ቆብ መሰል መለኪያ ደፍተው የሚወጣውን ጋዝ በመለካት ስምንት ሜትር ከታች ምን ያህል ነዳጅ እየተበላ እንደሆነ ይገምታሉ። ድፍድፉ እየተነነ ያለው በባክቴሪያ ሆድ በኩል ነው።

በዚሁ በአንድ ስፍራ እንኳን ነዳጁ እኩል አልተበላም። መሬቱ ረባዳ በሆነበት፣ ዝናብና የበረዶ ቅላጭ ተሰብስቦ በሚሰርግበት ሥር ያለው ነዳጅ በብዛት ተበልቷል፤ ውሃው ከላይኛው አፈር ንጥረ ነገር ይዞ ይወርዳልና። ከጎኑ ባለው ሜዳ ሥር ግን መበላቱ ዘግይቷል። ነዳጁ ያው ነው፣ አሸዋው ያው ነው፣ የባክቴሪያዎቹ ዘርም ያው ነው። ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ ይህ ግኝት ይበልጥብኛል። ዘረመሉ ሁለቱም ቦታ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው የውሃው መንገድ ነው።

የሰው እጅ የገባበትም ጊዜ አለ። በ1998 የቧንቧው ባለቤት የቀረውን ነዳጅ የሚስብ የፓምፕ ሥርዓት ተከለ። ከ1999 እስከ 2003 ድረስ 115,000 ሊትር ያህል ድፍድፍ ወጣ፤ ይህም በጊዜው ከመሬት በታች ነበር ተብሎ ከተገመተው ከ36 እስከ 41 በመቶ ነው። ቁጥሩ ያጓጓል። ይሁን እንጂ በጉድጓዶቹ ውስጥ የሚለካው የነዳጅ ውፍረት በአማካይ ብዙም አልቀነሰም። ከነዳጁ ጋር የተሳበው ውሃ ከፍ ብሎ ባለ ቦታ ተመልሶ ወደ መሬት እንዲሰርግ ስለተደረገም ሁለተኛ የብክለት ጅረት ተፈጠረ፤ ኦክስጅን የሌለበት ቀጠናም ሰፋ። ለማጽዳት በቅንነት የተደረገ ሥራ የባክቴሪያዎቹን አየር ወሰደባቸው።

ይህን ስል «ተፈጥሮ ታጸዳዋለችና ተዉት» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ቤሚጂ ራሱ ይህን ቃል ይቃወማል። ባክቴሪያዎቹ ዝገቱን ሲያሟሙ ዝገቱ ላይ ተጣብቆ የኖረው የተፈጥሮ አርሴኒክም አብሮ ተለቀቀ። በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ በሊትር ከ200 ማይክሮግራም በላይ የደረሰበት ቦታ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን 10 ነው። አርሴኒኩ በነዳጁ ውስጥ አልመጣም፤ ከአሸዋው ወጣ። ከዚህም ሌላ ባክቴሪያዎቹ ነክሰው ያልጨረሷቸው፣ ኦክስጅን የተሰካባቸው ቁርጥራጮች በውሃው ውስጥ ከቤንዝኑ ርቀው ይጓዛሉ። ቤንዝንን ብቻ የሚለካ ሰው ውሃው ጠራ ብሎ ሊፈርም ይችላል።

በዚህ ሁሉ የዘረመል ምርመራ ቦታው የት ነው? ዛሬ ከአንድ ግራም አሸዋ ዲኤንኤ አውጥቶ የ«አልክ-ቢ» ወይም የ«ቢ-ኤስ-ኤስ-ኤ» ቅጂ መቁጠር የተለመደ ሥራ ነው። እኔም የምወደው ሥራ ነው። ግን ዲኤንኤ ከሞተ ባክቴሪያም ይወጣል፤ ሥራ ከፈታውም ይወጣል። ቅጂ በርክቶ ተገኘ ማለት መብላት የሚችል አለ ማለት እንጂ እየበላ ነው ማለት አይደለም። መብላቱን ለማወቅ ዘረመሉ ወደ አርኤንኤ፣ ማለትም ሕዋሱ ኢንዛይሙን ሲሠራ ወደሚጠቀምበት ቅጂ፣ እየተገለበጠ መሆኑን ማየት ወይም የንክሻውን ፍርፋሪ መፈለግ ያስፈልጋል። ቤንዚልሰክሲኔት በውሃው ውስጥ ከተገኘ አንድ ባክቴሪያ እዚያ ቶሉይን ነክሷል፤ ይህን ውሁድ ፋብሪካ ነዳጅ ውስጥ አይጨምረውም። በቤሚጂ ከ1990 ገደማ ጀምሮ በውሃው ውስጥ የተለዩት ኦርጋኒክ አሲዶች ምስክርነታቸው የከበደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዘረመል ቆጠራው ከመምጣቱ በፊት ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ መሆናቸውን ተናግረዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ወደ ሰፈሬ ስመለስ የምመለከተው የጋራዥ ግቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ሲደፋ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ በባለቤቱ ፈቃድ በአካፋ ቆፍሬ ነበር። የጣት ውፍረት ያህል የሚሆነው የላይኛው ክፍል እንደ አስፋልት ጠንክሯል፤ ውሃ ሳፈስበት እንደ ጎመኑ ቅጠል ተንከባለለ። ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ይሸታል፣ ይጣበቃል፤ የመጣው ዝናብ ሁሉ ከላይ አልፎ ወደ ቦዩ ስለሚሄድ ውስጡ ደረቅ ነበር። በዚያ አፈር ውስጥ ነዳጅ ነካሽ ባክቴሪያ እንዳለ አልጠራጠርም። ያጣው አየር፣ እርጥበትና ናይትሮጅን ነው። ቅርፊቱን መስበር፣ አፈሩን በየጊዜው መገልበጥ፣ ማርጠብና ጥቂት ዩሪያ መጨመር በከረጢት ከመጣ ዱቄት በፊት የሚሞከር ነገር ነው።

የግቢው ባለቤት «ከዚያስ ይጸዳል?» አለኝ። ዘይቱ ይቀንሳል አልሁት። የተቃጠለ ዘይት ግን ከሞተሩ ፍቅፋቂና ከተጨመረበት ቅመም ዚንክና ሌሎች ብረቶች ይዞ ይወጣል፤ ብረትን ቆርጦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርግ ዘረመል የለም። ከግቢው ጥግ በክዳን የተሸፈነ የውሃ ጉድጓድ ነበረ። አፈሩን ትተን መጀመሪያ ከእርሱ ናሙና ቀዳን።